ነፋስ መውጫ ሲዘጋ

የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን ታሪክ የሚያገላብጥ ሰው ከገጹ ላይ የሚያገኘው የነቃ ሰው ብቻ ነው። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሱ፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ያለፉት በጋይንት በኩል ነበር። መንገድ አልነበረም። ድንጋዩን እየፈለጡ፣ ገደሉን እየናዱ፣ መንገዱን እየሠሩ ነው የሄዱት። ጨጨሆን አልፈው፣ ዋድላንና ደላንታን አቋርጠው መቅደላ እስኪደርሱ አምስት ወር ከምናምን ፈጀባቸው። እንግሊዛዊው ቆንስል ፕላውደን ደግሞ ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1855 ለመንግሥቱ በላከው ሪፖርት፣ ንጉሡ ቀንም ሆነ ሌት ዕረፍት የማያበዙ ሰው መሆናቸውን ጽፎ ነበር።

ታሪክ ጸሐፊ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው፤ የማይተኛ ንጉሥ! ግን ያ ሁሉ መድፍ ጎታች ሲመሽ ምን ይሆን ነበር? መቼም ይተኛ ነበር። በጨጨሆ ብርድ ተደራርቦ ይተኛና ያንኮራፋ ነበር። ይህን በድፍረት የምጽፈው ሰነድ አግኝቼ አይደለም። ያን ያህል የደከመ ሰው አንድ ላይ ተኝቶ ጭጭ ያለ ሌሊት በዓለም ላይ ስለሌለ ነው። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ታሪክ ዘሎት ስላለፈው ስለዚህ ድምፅ ነው።

ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል። የቋንቋ ሊቃውንት ይፍረዱና፣ ለእኔ ጆሮ «አንኮራፋ»፣ «አኮረፈ» እና «ኮረፌ» የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። ሦስቱም ውስጥ መውጫ ያጣ ነገር አለ። ኮረፌ እንግዲህ የበጌምድር ሰው የሚያውቃት፣ በደንብ ሳትጠራ እያረፋች የምትጠጣ የገብስ መጠጥ ናት። ዝምድናቸው በቃል ብቻ የቀረ አይደለም። አልኮል የጉሮሮን ጡንቻ ያላላል፤ የላላ ጉሮሮ ደግሞ አየር ሲያልፍበት ይርገበገባል፤ ይኸው ነው ኩርፊያው። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባል የለ? ጉሮሮ ያባውንም የሚያወጣው እሱው ብቅል ነው። ድግስ ያደረበት ቤት ያደረ ሰው ያውቀዋል።

በድሮው የእስቴ ቤት ደግሞ ኩርፊያ የግል ጉዳይ አልነበረም። መደቡ ላይ ቁርበት ተነጥፎ ባልና ሚስት፣ ልጆች፣ እንግዳ፣ ከጋጣው በኩል ከብቱ ሳይቀር አንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚያድረው። አባወራው ሲያንኮራፋ ጥጃውም ይሰማል። መኝታ ክፍል የሚባል ነገር፣ በር ዘግቶ ብቻን ማንኮራፋት፣ የከተማ ቅንጦት ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ሕክምናውም እዚያው ነበር፤ የሚስት ክርን። «አንተ! ዞር በል!» ትለዋለች። ይዞርና በጎኑ ይተኛል፤ ድምፁ ይቀንሳል። ሳይንስም የሚለው ይህንኑ ነው። በጀርባ ሲተኙ ምላስ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ በጎን ሲሆን መንገድ ይለቃል። ፈረንጅ በጀርባው እንዳይተኛ ብሎ ከሌሊት ልብሱ ጀርባ ላይ የቴኒስ ኳስ እስከ መስፋት ደርሷል። ክርን ይሻላል ባይ ነኝ።

አጎቴ እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወጣ ብሎ ይኖራል። ቀጭን ሰው ነው፤ አንገቱ ደግሞ አጭር፣ አገጩ ወደ ኋላ የሸሸ። እሱ ቤት አድሬ እንቅልፍ የሚባል ነገር ሳላይ ነጋ። ጠዋት በቀልድ ሳነሳበት ሽምጥጥ አድርጎ ካደ። «እኔ? እኔ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቼ ነው ያደርኩት!» አለ። ሚስቱ ቡና እየወቀጠች ሳቀች። ቆየት ብላ ግን፣ እሱ ወደ በረት ሲወጣ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«መጮሁስ ይጩህ ልጄ፤ ለምጄዋለሁ። እኔ የምፈራው ዝም ሲል ነው» አለችኝ።

ይህቺ ዓረፍተ ነገር ብዙ ቀን ጆሮዬ ላይ ቆይታለች። ስለዚህ ነገር ማንበብ የጀመርኩትም ከዚያ ወዲያ ነው።

ልብ በሉ፣ ቋንቋችን ለእንቅልፍ ድሃ አይደለም። ሸለብታ አለ፣ ማንጎላጀት አለ፣ ለጥ ብሎ መተኛት፣ ድብን ብሎ መተኛት አለ። ዱካክ እንኳ ስም አለው። በሌሊት ደረት ላይ ተቀምጦ ትንፋሽ የሚነሳ፣ እጅና እግር የሚያስር፣ ልጮህ ሲሉ ድምፅ የሚከለክል። ሐኪሞች ይህን ሰውነት በሕልም እንቅልፍ ጊዜ እንደታሰረ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ የሚደርስ ነገር ነው ይሉታል። የእኛ ሰው ግን መንፈስ ብሎ ጠበል ይወስደዋል። የሆነው ሆኖ ስም አለው። ለምን? ዱካክ የያዘው ሰው ጠዋት ተነሥቶ ስለሚናገር ነዋ! «ዱካክ ሲጫወትብኝ አደረ» ይላል። የዚያ የሌላው፣ የዝምታው፣ ትንፋሹ ተቋርጦ የሚያድረው ሰው ግን ጠዋት የሚናገረው ነገር የለውም። አያውቀውማ። የሚያውቀው አጠገቡ ያለ ሰው ነው። ስም ያወጣን ደግሞ ታማሚው ለነገረን ነው።

እኛ ብቻ ነን እንዳልል፣ የፈረንጁም የሕክምና ታሪክ ከዚህ የተሻለ አይደለም። ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1836 ማተም በጀመረው የፒክዊክ ልቦለድ ውስጥ ጆ የሚባል ወፍራም ልጅ አለ፤ ቆሞ የሚተኛ፣ በር እያንኳኳ የሚያንቀላፋ። አንባቢ ሁሉ ሳቀበት። ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ በርዌል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ስለ አንድ እንቅልፋም ነጋዴ ጻፈ። ሰውየው ካርታ ሲጫወት ሦስት አስና ሁለት ንጉሥ ደርሶት፣ ያን የመሰለ ካርታ በእጁ ይዞ እንቅልፍ ወሰደውና ገንዘቡ አመለጠው። ሆስፒታል የገባውም ከዚህ በኋላ ነው። የእነ በርዌል ጽሑፍ ነገሩን በዲከንስ ልጅ ስም «ፒክዊክ» ብሎ ሰየመው። የሰየሙት ግን በቀን ያዩትን ነው፤ ውፍረቱን፣ ድካሙን፣ የደሙን አየር። ሐኪሙ ማታ ቤቱ ይገባል፤ በሽታው ደግሞ የሚመጣው ማታ ነው።

ነገሩ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ማርሴይ ላይ ጋስቶና ባልደረቦቹ፣ ጀርመን ላይ ደግሞ ዩንግና ኩሎ፣ እንዲህ ያለውን ሰው አስተኝተው ከራስ ቅሉ እስከ ደረቱ ሽቦ አያይዘው አደሩ። ምን አዩ? ሰውየው ያንኮራፋል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ደረቱ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። ከዚያ በድንገት አንቆት የነበረ ነገር እንደለቀቀው ሰው ያጓራና እንደገና ይተነፍሳል። ይህ በአንድ ሌሊት ብዙ መቶ ጊዜ ይደጋገማል። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ጊየሚኖ እ.ኤ.አ. በ1976 «የስሊፕ አፕኒያ ሲንድሮም» የሚለውን ስም አወጣለት። እንግዲህ የሠለጠነው ዓለም ሐኪም ከበሽተኛው አጠገብ አድሮ ለማየት እስከዚያ ድረስ ቆየ ማለት ነው። የእስቴ ሴት ክፍያም ሳትጠይቅ ስታድር ነው የኖረችው።

የሚሆነው ይህ ነው። እንቅልፍ ሲጠልቅ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። መንገዱ ጠባብ የሆነበት ሰው፣ በውፍረት ይሁን፣ በአገጭ አሠራር፣ በቶንሲል እብጠት፣ መንገዱ ሙሉ በሙሉ ይዘጋበታል። አሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ ከቆየ ሐኪሞች አንድ ብለው ይቆጥሩታል። በሰዓት አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታ ነው ይላሉ፤ ከሠላሳ ካለፈ ከባድ። በእያንዳንዱ መዘጋት የደሙ ኦክስጅን ይወርዳል፣ ልብ ይደነግጣል፣ ደም ሥር ይጨማተራል፣ አእምሮ ለቅጽበት ይባንናል። ሰውየው «ስምንት ሰዓት ተኛሁ» ይላል፤ አእምሮው ግን በቅጡ ተኝቶ አያውቅም። ውጤቱ በቀን ይመጣል። ራስ ምታት፣ ንዴት፣ መርሳት፣ ወንበር ላይ ማንጎላጀት፣ የማይታዘዝ የደም ግፊት። ቆይቶ ደግሞ የልብ ምት መዛባት፣ ስትሮክ። አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ጥናት በመካከለኛ ዕድሜ ካሉ ወንዶች 24 በመቶው፣ ከሴቶች 9 በመቶው በእንቅልፋቸው እንዲህ እንደሚታፈኑ ባሳየ ጊዜ ብዙ ሰው ደነገጠ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ግምት ደግሞ በዓለም ዙሪያ ከ30 እስከ 69 ዓመት ካሉት መካከል ቁጥራቸውን ወደ 936 ሚሊዮን አደረሰው።

እኛ ይህን ሰው ምን ብለን እንጠራዋለን? «ሰነፍ።» «ጎላጅ።» በስብሰባ መካከል ሲያንቀላፋ የሚሳቅበት ሹም፣ በማኅበር ላይ የሚጎነተለው ሽማግሌ፣ «ይሄ ደግሞ እንቅልፉን ይለጥጠዋል» የሚባለው ዘበኛ። ሌሊት ሲያንኮራፋ ስንሰማ ደግሞ «እንዴት ያለ ጥሩ እንቅልፍ ነው!» ብለን እንቀናበታለን። ሞቶ ሲገኝም «ታድሎ! በእንቅልፉ አረፈ» እንላለን። እኔ ይህቺ «ታድሎ» ጥርጣሬ ታሳድርብኝ ጀምራለች።

የጎንደር ሰው ስለ ጉሮሮ መዘጋት ምንም አላሰበም ግን አይባልም። እንዲያውም አስቦ ቢላ አንሥቷል። ሕፃን ጡት አልይዝ ሲል፣ ሲያስለው፣ ሲያንኮራፋ «እንጥሉ ወረደ» ይባልና እንጥል ቆራጭ ይጠራል። አንዳንዱ ገና ሳይታመም «በኋላ አብጦ እንዳያፍነው» ተብሎ ነው የሚቆረጠው። ከዚህ ሥራ በኋላ ደም አልቆም ብሎት የሞተው፣ ቁስሉ መርቅዞ፣ መንጋጋ ቆልፍ ይዞት ያለቀው ሕፃን ብዙ ነው፤ እንጥል መቁረጥ ከአገሪቱ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ጋር የተመዘገበውም በዚህ ነው፤ ይገባዋልም። የሚገርመው ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ዲትሮይት ላይ ፉጂታ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ለአፕኒያ ሕክምና ብሎ ያቀረበው ቀዶ ጥገና እንጥልንና የላንቃውን ለስላሳ ጠርዝ መቁረጥ ነበር። በዚያ የተጠቀመ አለ፤ ብዙው ግን ተቆርጦም መልሶ ይታፈናል። ለማለት የፈለግሁት ቆራጩ ትክክል ነበረ ማለት አይደለም፤ ሕፃኑን የሚያፍነው በአብዛኛው ቶንሲል እንጂ እንጥል አይደለም። ብቻ አያቶቻችን ሌሊት የሰሙት ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ገምተው ነበር። ግምቱ ቦታው ላይ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው፤ ቢላው ግን የሚቆርጠው ሌላ ነበር።

ዋናው መድኃኒት የመጣው ከወደ ሲድኒ ነው፣ በዚያው በ1981። ከዚያ በፊት ለከባድ በሽተኛ የነበረው አማራጭ አንገትን በስቶ ቱቦ ማስገባት ነበር። ኮሊን ሱሊቫን የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በአፍንጫ በኩል የማያቋርጥ አየር የሚነፋ መሣሪያ ሠርቶ በአምስት በሽተኞች ላይ የተገኘውን ውጤት ላንሴት መጽሔት ላይ አወጣ። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ሞተር ምንጣፍ ከሚጠርገው ከቫኪዩም ክሊነር የመጣ ነበር፤ እንዲስብ ሳይሆን እንዲነፋ ተገልብጦ። ሲፓፕ የሚሉት ይህ ነው። ነገሩ ቀላል ነው፤ የተዘጋውን በነፋስ መክፈት። የላይ ጋይንቷ ከተማ ስሟ ነፋስ መውጫ ነው። እዚያ ባለፍኩ ቁጥር ይህ ነገር ትዝ ይለኛል።

መቼም ነፋስ መውጫን ካነሳሁ አንዱ አንባቢ «የአገሩ ከፍታ ይሆናላ!» ማለቱ አይቀርም። ከተማዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ጉና ከ4,000 ያልፋል። ከፍ ያለ ቦታ ለእንግዳ ሰው እንቅልፍ አይመቸውም፤ ቆላ የኖረ ሰው ተራራ ላይ ሲያድር ትንፋሹ ጥልቅ፣ ቀጥሎ ቁርጥ፣ ደግሞ ጥልቅ እያለ ያድራል። ይህኛው ግን ጉሮሮ ተዘግቶ ሳይሆን አእምሮ ራሱ መተንፈስን ለአፍታ ሲዘነጋ ነው። የአገሬው ሰው ሌላ ነው። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ ኢትዮጵያዊ ባልደረባዋን ጨምሮ ከሌሎች ጋር ሆና፣ ሰሜን ተራሮች አምባራስ ላይ፣ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ ሰዎችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ጽሑፍ፣ የደማቸው ኦክስጅንም ሄሞግሎቢንም በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል። ከአጥኚዎቹ አንዱ ኪንግማን ስትሮል፣ የእንቅልፍ ትንፋሽ ሐኪም ነው። ስለዚህ በደጋው አናሳብብ። የአጎቴ ጉዳይ ጉሮሮው ነው።

ስለ ጉሮሮ ከተነሣ ደግሞ ጋይንትን የሚያህል አገር የለም። ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ከየአገሩ ድጓ የተማረ ሁሉ በመጨረሻ እዚያ ሄዶ ነው የሚያስመሰክረው። ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና መዋሥዕት። ዓመታት ሙሉ ጉሮሮውን የሚያሠራ ተማሪ፣ ቀን ከመጽሐፍ፣ ሌሊት በጨለማ በቃል፣ በቆሎውን እየቆረጠመ፣ እንቅልፍን እንደ ጠላት እየታገለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች 25 አንኮራፊዎችን ይዘው፣ ግማሾቹን ዲጀሪዱ የሚባለውን የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ረጅም መለከት ለአራት ወር አስነፏቸው፤ የነፉት ሰዎች አፕኒያቸውም የቀን እንቅልፋቸውም ቀነሰ። የጉሮሮ ጡንቻ እንደ ክንድ ጡንቻ ሲሠራ ይጠነክራል ማለት ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን አንድ የማውቃቸውን የድጓ መምህር አሰብኩና «እኚህ ሰው አያንኮራፉም!» አልኩ። ደቀ መዝሙራቸውን ብጠይቅ ሳቀብኝ። «የኔታ? ጣሪያውን ነው የሚያነሱት!» እንግዲህ ለቀኑ ድምፅ ምስክር ቤት ያቆመ አገር፣ ለሌሊቱ ድምፅ አንድ ደቀ መዝሙር ብቻ ነው ያለው።

ነገሩ ከቤት ወጥቶ መንገድ ላይ ሲመጣ ግን ሳቁ ይቆማል። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት የወረታ-ወልዲያ መንገድ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫ፣ በጨጨሆ አድርጎ ወደ ጋሸና ይወጣል። ቴዎድሮስ መድፉን ያስጎተቱበትን አገር ዛሬ የጭነት መኪና በሰዓታት ያልፈዋል። ጠመዝማዛውን ያየ ያውቀዋል፤ ጭጋግ አለ፣ ገደል አለ። ሾፌሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ መኪናው ውስጥ አንገቱን አጥፎ ነው የሚያድረው፤ ሲነጋ ጫቱን ይዞ ይነሣል። አደጋ ሲደርስ መዝገቡ «ፍጥነት»፣ «ፍሬን» ይላል። ያልታከመ አፕኒያ ያለበት ሾፌር የመጋጨት ዕድሉ ከሌላው ሁለት እጥፍ ያህል እንደሚጨምር ጥናቶች ያሳያሉ። ለመንጃ ፈቃድ ዓይን ይመረመራል። «ማታ ታንኮራፋለህ?» ቢባል ሾፌሩም እንደ አጎቴ «እኔ? ኧረ በጭራሽ!» ነው የሚለው፤ ረዳቱን ቢጠይቁ ይሻላል።

አጎቴን ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሕር ዳር ወስጄው ነበር። የደም ግፊቱ በሦስት ዓይነት ክኒን አልወርድ ብሎ። አንዱ ክሊኒክ ክኒኑን ከሁለት ወደ ሦስት ከማሳደግ በቀር የጠየቀው ነገር አልነበረም፤ ጨው ቀንስ ተባለ፣ ቀነሰ። ሁለተኛ ቦታ የገባን ጊዜ ያገኘናት ሐኪም ወጣት ናት። ግፊቱን ለክታ፣ ጉሮሮውን በባትሪ አይታ፣ «አባባ፣ ሌሊት እንቅልፍዎ እንዴት ነው?» አለችው።

«ኧረ እንቅልፍስ ደህና ነኝ! እንደ ሬሳ ነው የምተኛው።»

ሐኪሟ ፈገግ ብላ ወደ በሩ ዞረች። የአጎቴ ሚስት ጋቢውን ታቅፋ፣ እንደ እንግዳ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። «እናቴ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

እትዬ መጀመሪያ ባሏን አየችው። ከዚያ ከነጠላዋ ሥር ጥቁር መቁጠሪያዋን አወጣች።

«ሲጮህ ዝም እለዋለሁ። ዝም ሲል በዚህ እቆጥራለሁ፤ አንድ ፍሬ፣ አንድ እግዚኦ። አሥራ አምስት ላይ የሚመለስበት ሌሊት አለ፤ ሃያ አምስት ላይ የሚመለስበት አለ። አንድ ቀን አርባ አንዱን ጨርሼ ነቀነቅሁት።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሦስተኛዋ ልጃችን ሳትወለድ ነው። አሁን እሷ ራሷ ወልዳለች።»

አጎቴ ዞሮ አፍጥጦ አያት። «አንቺ! ይሄን ሁሉ ዘመን ስትቆጥሪ ነው የኖርሽው? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር እኮ። ነቅቼ ነው ያደርኩት አልከኝ።»

ሐኪሟ ሌላ ወረቀት ሳበችና፣ በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትቆጥር ጠየቀቻት።